ሰርቪስ እስኪመጣ

አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ መስከረም 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔ ባዮሎጂ የምማር ልጅ ነበርኩ። ዛሬ እዚያው ፓርክ፣ አንድ የልብስ ስፌት ሼድ ውስጥ፣ የኳሊቲ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ እውላለሁ፤ ስፌት አገላብጣለሁ፣ የዘለለ ክር እፈልጋለሁ። ጋሼ የማሽን መካኒክ ናቸው። መርፌ ሲሰበር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከኦፕሬተሮቹ አንዷ ስታለቅስም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ይህ ምልልስ ፈረቃ ጨርሰን በር ላይ ሰርቪስ ስንጠብቅ የተጨዋወትነው ነው። ሰርቪሱ ዘግይቷል። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊታችን ላይ ይበትናል፤ ቡና የምታፈላዋ ሴት ከሰሏን በካርቶን ከልላለች። ጋሼን እወዳቸዋለሁ፤ ጋሼ ዝግመተ ለውጥን አይቀበሉም። ሁለቱንም ይዤ ነው የምጽፈው።

ጋሼ፦ ልጄ፣ ዛሬ ምሳ ላይ ስምሽ ሲነሣ ሰማሁ። «ሰው ከዝንጀሮ መጣ የምትለዋ» ይሉሻል። እውነት ብለሻል?

እኔ፦ እንዲያ አላልኩም ጋሼ። የድንቅነሽ ነገር ተነሥቶ፣ ሰውም እንደሌላው ፍጥረት ሁሉ ረጅም የዘር ሐረግ አለው ነው ያልኩት። አንዷ ልጅ ምግቧን ሳትጨርስ ሣህኗን ይዛ ተነሣች። ሁልጊዜ አብረን የምንበላ ልጅ ናት። እስካሁን ከብዶኛል።

ጋሼ፦ ትነሣ እንጂ ምን ታድርግ! እኔ ከዝዋይ ሐይቅ ምዕራብ በኩል በቆሎ እየጠበቅሁ ነው ያደግሁት። ዝንጀሮ ማለት ለኔ የዓመት ቀለብ የሚዘርፍ ሌባ ነው። በወንጭፍ ስንት ቀን ተዋግቼዋለሁ! ዛሬ ያ ሌባ አያትህ ነው ስትይኝ ምን ልበል?

እኔ፦ ግማሹን ጠብ ያመጣው ቃሉ ነው። ቺምፓንዚ በአገራችን የለም፤ አያቶቻችን ስላላዩት ስም አላወጡለትም። የውጭውን ትምህርት ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች በእጃቸው የነበረው ዝንጀሮና ጦጣ ብቻ ነው። ዝንጀሮ ደግሞ ሌባም ነው፣ ስድብም ነው። ሳይንሱ ሰው ከዝንጀሮ ተወለደ አይልም። የኛና የቺምፓንዚ ሐረግ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተለያየ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ወላጅ ዛሬ በሕይወት የለም ነው የሚለው። ዝንጀሮማ ከዚያ እጅግ ቀድሞ የተለየ ሩቅ ዘመድ ነው።

ጋሼ፦ ሩቅም ቢሆን ዘመድ ነው አልሽ።

እኔ፦ አዎ፣ አልኩ። አላባብልዎትም።

ጋሼ፦ እሺ፣ ድንቅነሽን ግን አትንኪብኝ። እሷ የአገር ኩራት ናት።

እኔ፦ የሚገርመኝ እሱ ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ሐዳር ላይ ስትገኝ...

ጋሼ፦ ቆይ፣ ቆይ። ኅዳር 15? ስልሳዎቹ ባለሥልጣናት በተገደሉ ማግስት?

እኔ፦ በማግስቱ።

ጋሼ፦ ያን ሰሞን አልረሳውም። ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ሬዲዮውን ሰምቶ ቀኑን ሙሉ ሳይናገር ዋለ። ለካ በዚያው ቀን አፋር በረሃ ላይ አጥንት እየተለቀመ ነበር!

እኔ፦ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው አጥንት። እሷን ተከትሎ ደግሞ እነ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዲኪካ ላይ ሰላምን አገኙ፤ ሕፃን ናት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። አርዲ 4.4 ሚሊዮን ናት። እንግዳ ስንጠራ «ምድረ ቀደምት» እንላለን፤ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን በፈረንጅ ስሟ ሉሲ እንለዋለን። ነገር ግን ድንቅነሽን ድንቅ ያደረጋት ምኗ ነው? በሁለት እግሯ ቆማ ትሄዳለች፣ አንጎሏ ግን ገና ትንሽ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ስለተገኘች ነው ዓለም የሚያውቃት። መንገዱን ከካድነው በምኗ እንኮራለን?

ጋሼ፦ በዕድሜዋ!

እኔ፦ ዕድሜዋን ከተቀበሉማ ጋሼ...

ጋሼ፦ አሃ። ያዝሽኝ። እንግዲያው እሱንም እንየው። እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ዓለም ከተፈጠረ ዘንድሮ 7518 ዓመት ነው። 5500 ዘመነ ኩነኔ፣ 2018 ደግሞ ዘመነ ምሕረት። ለአራት አካፍይው፣ ሁለት ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ ነው። ይሄንን ስንት ሊቅ እየተቀባበለ ያደረሰልን ነው። ያንቺ ሚሊዮን ከየት መጣ?

እኔ፦ ሁለቱን ቁጥር አስታርቄ ልሰጥዎት አልችልም። የሚያስታርቁ አሉ፤ እኔ ለዚያ ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለኝም። ሚሊዮኑ ከየት እንደመጣ ግን ላሳይዎት እችላለሁ። ያን ጊዜ ያሳዩኝ ባልጩት ሣጥንዎ ውስጥ አለ?

(ጋሼ የመሣሪያ ሣጥናቸውን ከፍተው ከመፍቻዎቹ ሥር በማሽን ዘይት የራሰ ጨርቅ አወጡ። ጨርቁን ሲፈቱት አንድ ጥቁር ድንጋይ ወጣ። የጣት ርዝመት አለው፤ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጫል፤ ወደ ፀሐይ ሲያዞሩት ጠርዙ ሣስቶ ብርሃን ያሳልፋል።)

ጋሼ፦ ከብት ስጠብቅ ያገኘሁት ነው። ጋራው ሙሉ ይኸው ነው፣ እግር ይቆርጣል። እናቴ ጣል ብትለኝም አልጣልኩትም።

እኔ፦ ጠርዙን በጣትዎ ይዳብሱት፣ በቀስታ። እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ ተመትቶ ተሸርፏል። ከዚህኛውም ጎን እንዲሁ፤ ጫፉ ላይ ይገጥማል። ወድቆ የተሰበረ ድንጋይ እንዲህ አይገጥምም፤ ሰው የሳለው ነው። ያደጉበት ጋራ አጠገብ ጋዴሞታ የሚባለው ቦታ በዓለም የታወቀ ነው። እዚያ ሲቆፈር እንዲህ ያለ ባልጩት ከእሳተ ገሞራ አመድ ሥር ተገኘ። ድንጋዩ ራሱ ዕድሜውን አይናገርም፤ የሚናገረው አመዱ ነው። በአመዱ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ቀስ እያለ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ፍጥነቱ አይዛነፍም፤ የተጠራቀመውን አርጎን ለክተው አመዱ የወደቀበትን ዘመን ያወጣሉ። የጋዴሞታው አመድ 276,000 ዓመት ገደማ ሆነ። ከሥሩ ያለው መሣሪያ ከዚያ ይበልጣል ማለት ነው።

ጋሼ፦ የኔ ድንጋይ እንዲያ ያረጀ ነው?

እኔ፦ የእርስዎ ከላይ የተለቀመ ስለሆነ አላውቅም። ከሥር ተቆፍሮ ቢወጣ ይታወቅ ነበር።

ጋሼ፦ አመድ ቆጣሪዎቹስ አይሳሳቱም?

እኔ፦ ይሳሳታሉ። የኦሞ ኪቢሽ ሰው አለ አይደል፣ ያ የራስ ቅሉ የኛኑ የሚመስለው? አስቀድሞ 195,000 ዓመቱ ነው ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ከአጥንቱ በላይ የተኛውን አመድ መረመረና ከሻላ የፈነዳ ሆኖ አገኘው። ወደ ሻሸመኔ ሲወርዱ በቀኝ የሚቀረው ሻላ፣ ሐይቁ የተኛበት ጉድጓድ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። አመዱ ተበትኖ ኦሞ ድረስ ወረደ። ዕድሜው 233,000 ገደማ ሆነ፤ አጥንቱ ደግሞ ከሥሩ ነው።

ጋሼ፦ ነገ ደግሞ ሌላ ይሉናል።

እኔ፦ ሊሉ ይችላሉ። ወደ 7518 ግን አይመለስም ጋሼ።

(ዝም አሉ። ከዚያ ስልካቸው ጮኸ፤ ልጃቸው ናት። «አልበረደም? በሉ እርጥብ ጨርቅ አድርጉለት... ካርዱ የለበትም ብሏል እኮ... እሺ፣ እየመጣሁ ነው።» የልጅ ልጃቸው አሞታል።)

ጋሼ፦ ይኼን ሁሉ ትምህርት ቤት ነው የነገሩሽ?

እኔ፦ አይደለም። 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ። መምህራችን ሲደርሱበት «ለፈተና ያዙት፣ ልባችሁ ውስጥ ግን አታስገቡት» ብለው በሁለት ክፍለ ጊዜ ጨረሱት። እኛም ያዝነው፣ ጻፍነው፣ ወጣን። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሲገባኝ ደግሞ ያልገባቸውን መናቅ ጀመርኩ። ዶርም ውስጥ አንዲት ልጅ አስለቅሻለሁ፣ በእምነቷ ስቄ። ያንን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ጋሼ፦ እግዚአብሔርንስ ትተሻል?

እኔ፦ አልተውኩም። እሑድ ቅዳሴ ላይ ያዩኛል አይደል? የዝግመተ ለውጥን ትምህርት ከዘር ውርስ ጥናት ጋር ካስተሳሰሩት ትልልቅ ሰዎች አንዱ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ይሄን የምነግርዎት ለማስረጃ አይደለም፤ እሱ አማኝ መሆኑ ድንጋዩን አያስረጀውም፣ አያሳንሰውም። ብቻዬን እንዳልሆንኩ እንዲያውቁልኝ ነው።

ጋሼ፦ እንግዲያው እውነተኛውን ነገር ልንገርሽ። እኔን የሚያስፈራኝ ድንጋዩ አይደለም። ባለፈው ያቺ ትንሿ ልጅ ታርጌት አልሞላ ብሏት ሱፐርቫይዘሩ ሲጮህባት መሐል የገባሁት ምን ብዬ ነው? በአርኣያ ሥላሴ የተፈጠረች ናት፣ ከብት አይደለችም ብዬ ነው። አንቺ መጥተሽ ሰውም እንስሳ ነው ካልሽ፣ ለሚጮኸው ሰው ዱላ አቀበልሽው። ደግሞ ሕጉ «ጠንካራው ይኖራል፣ ደካማው ይጠፋል» ነው አሉ። ከአጎዋ፣ ከአሜሪካው ቀረጥ ነፃ ገበያ፣ ስንወጣ ትእዛዝ ቀንሶ ስንት ልጅ ከሥራ ወጣ! ደካሞች ስለሆኑ ነው?

(ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተለወጠ። ጋሼ በክርክር ድምፃቸውን የሚያነሡ ሰው አይደሉም። እኔም ወዲያው አልመለስኩም፤ ከዚህ በፊት ከተሰነዘሩብኝ መልሶች ሁሉ ልቤ ድረስ የገባው ይኸኛው ነው።)

እኔ፦ ደካሞች ስለሆኑ አይደለም። ዋሽንግተን ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው ከሥራ ያስወጣቸው። «ጠንካራው ይኖራል» የሚለውም ሁለተኛው የትርጉም ጥፋት ነው። አባባሉን መጀመሪያ ያወጣው ሄርበርት ስፔንሰር የሚባል ሰው ነው፤ ዳርዊን ኋላ ነው የተዋሰው። ቃሉም ጠንካራ አይደለም የሚለው፤ ለቦታው፣ ለጊዜው የሚስማማ ነው። ደግሞ የሆነውን መናገርና ይሁን ብሎ ማዘዝ ይለያያል። ወባ ሕፃን ይገድላል ያለ ሐኪም ይግደል አላለም።

ጋሼ፦ የሚጮኸው ሰው ግን እንደ ትእዛዝ ነው የሚሰማው።

እኔ፦ ልክ ነዎት፤ እንደ ትእዛዝ የሰሙት መንግሥታትም ነበሩ፣ ስንቱን ሰው ፈጅተውበታል። ይሄንን ክጄ ልከራከርዎት አልችልም። ግን ከዚያው ከአጥንቱ ዘንድ ሌላም ነገር አለ። ጆርጂያ የምትባል አገር ድማኒሲ ላይ የአንድ ሽማግሌ ራስ ቅል ተገኝቷል፤ 1.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከአንዱ በቀር ጥርሶቹ ከመሞቱ ከዓመታት በፊት ረግፈው፣ ድዱ ውስጥ ያለው አጥንት ሞልቶ ድኗል። ጥርሱ የረገፈበት ሰው በዚያ ዘመን፣ ሥጋ በድንጋይ እየተቆረጠ በሚበላበት፣ ዓመታት ኖረ። ሌላ ሰው አላምጦ ወይ ቀጥቅጦ ያበላው ነበር የሚሉ አጥኚዎች አሉ፤ የማይስማሙም አሉ። እኔ ግን ያንን መንጋጋ ባሰብኩት ቁጥር እርስዎ ከሱፐርቫይዘሩ ፊት የቆሙት ይታየኛል።

(ጋሼ ፈገግ አሉ። ሲስቁ የስምጥ ሸለቆ ልጅ መሆናቸው ይታወቃል፤ የፊት ጥርሶቻቸው ቡናማ ናቸው። በልጅነታቸው የጠጡት የጉድጓድ ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ የለቀመው ፍሎራይድ ነው፤ ጥርስ ድድ ውስጥ ሳለ የተቀባው ቀለም ዕድሜ ልክ አይለቅም። ዝዋይ ዳር ማደጋቸውን ባይነግሩኝ እንኳ ጥርሳቸው ይነግረኝ ነበር። የጥንቱን ሰው ጥርስ የሚያነቡትም በእንዲህ ያለ ምልክት ነው።)

ጋሼ፦ አፍሽ ይጣፍጣል። ግን አንድ ነገር ይቀርሻል። ድንጋይና አመድ አሳየሽኝ። ፍጡር ሲለወጥ ያየ ሰው ግን የታለ?

እኔ፦ ከኛው ሼድ ልጀምር። ካቲንግ ክፍል አዲስ የገባ ልጅ ፓተርኑን ትቶ ትናንት በተቆረጠው ጨርቅ ላይ እየለካ ቢቆርጥ፣ ነገ ደግሞ ዛሬ በተቆረጠው ላይ እየለካ፣ ምን ይሆናል?

ጋሼ፦ በወሩ እጀታው ሌላ እጀታ ይሆናል። አይቼዋለሁ።

እኔ፦ የዘር ውርስ እንዲህ ነው፤ ከቅጂ ላይ ቅጂ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት መዛነፍ። ከዚያ የኳሊቲ ጠረጴዛ አለ፤ የማይሆነው ይጣላል፣ የሚሆነው ያልፋል።

ጋሼ፦ ፓተርኑን የሠራው ዲዛይነር ነዋ! ጠረጴዛው ላይ የቆምሽውም አንቺ ነሽ፤ ዓይን ያለሽ፣ የምታስቢ። ራስሽ መሰከርሽልኝ።

ቡና የምታፈላዋ፦ እሳቸው ረቱሽ የኔ እህት!

እኔ፦ ልክ ናቸው፣ ምሳሌዬ እዚያ ላይ ይሰበራል። ሰው ቆሞ የሚመርጥበትን ትቼ፣ ማንም ሳያስበው የሚመርጥ ጠረጴዛ ላሳይዎት። ጋሼ፣ ልጁ መቼ ነው የተመረመረው?

ጋሼ፦ ትናንት ወዲያ ማታ። ጣቱን ወጉና ካርዱ ላይ ጠብ አደረጉት። አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ወባ የለበትም፣ ጉንፋን ነው ብለው ሰደዱት። እዚህ ምን አመጣው?

እኔ፦ ካርዱ ወባውን ራሱን አያየውም። ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው ወባ ደም ውስጥ የሚለቀው ፕሮቲን አለ፣ ኤችአርፒ 2 ይሉታል። ብዙዎቹ ካርዶች የሚፈልጉት ያንን ነው። ሲያገኙት ሁለተኛው መስመር ይወጣል፣ መድኃኒት ይሰጣል፣ ያ ወባ ይሞታል። አሁን ከሚሊዮኖቹ አንዱ ሲባዛ ተሳስቶ ያንን ፕሮቲን የሚሠራበትን ዘር ቢያጣስ?

ጋሼ፦ ካርዱ አያየውም።

እኔ፦ አያየውም። የለብህም ተብሎ ታማሚው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ትንኝ ትነክሰዋለች፤ ያንኑ ወባ ለጎረቤት ታደርሳለች። የሚታየው እየተገደለ፣ የማይታየው እየተረፈ፣ በጥቂት ዓመት የማይታየው ይበዛል። ካርዱ ዓይን የለውም፣ አያስብም። ጤና ባለሙያውም ሊያድን ነው የመረመረው። ግን መራጭ ሆኑ፣ ሳያውቁት።

ጋሼ፦ ይኼ እንዲያው ያንቺ ግምት ነው?

እኔ፦ አይደለም። መጀመሪያ በአማዞን በኩል ፔሩ ላይ ታየ፣ ኋላም ኤርትራ። የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን በሱዳን፣ በደቡብ ሱዳንና በኤርትራ ድንበር በኩል ከ12,000 በላይ ሰው መርምሮ እኛም ዘንድ አገኘው፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። የዘሩን ኮድ ሲያነቡት ደግሞ ያ ጉድለት በቅርብ ጊዜ በምርጫ ተገፍቶ እንደተስፋፋ የሚያሳይ ምልክት አገኙበት። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት ካርዱ የሚስተው ከመቶ 5 ካለፈ ካርዱ ይቀየር ይላል። ዝግመተ ለውጥ የሚለው ስም እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ይኼ ዝግም አላለም።

ጋሼ፦ (ባልጩቱን በጨርቁ እየጠቀለሉ) ያኔ ክሎሮኪን ነበር የምንወስደው። ይመራል፣ ጆሮ ያጮሃል፣ ግን ያድናል። ኋላ አላድን አለ።

እኔ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር ተተካ። እሱም አልቆየም፤ በ2004 ኳርተም መጣ። ክሎሮኪን ዛሬም ያው ክሎሮኪን ነው ጋሼ፣ አንድ ነገሩ አልተነካም። የተለወጠው ወባው ነው። ፍጡር ሲለወጥ ማን አየ አሉኝ፤ እርስዎ በዕድሜዎ ሁለት ጊዜ አይተዋል።

ጋሼ፦ ወባ ተለወጠ ማለት ወባ ነው፤ ዝሆን አልሆነም።

እኔ፦ አልሆነም። በ20 ዓመት መድኃኒትና ካርድ የሚያመልጥ ነው የሆነው። የሚሊዮኑን ዓመት ነገር አመዱ ላይ ነው ያሳየሁዎት።

ጋሼ፦ ቆይ፣ እሱን ተይው አሁን። የልጁ ካርድ ያንን ስቶት ይሆናል እያልሽኝ ነው?

እኔ፦ እንደዚያ ነው አልልም። ጉንፋን ሊሆን ይችላል፤ ወባው ገና ትንሽ ስለሆነ ካርዱ ስቶት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ በሽታም ይሆናል። ግን ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ትኩሳቱ አልወረደም። ዛሬውኑ ይታይ፣ ደሙን በማይክሮስኮፕ ይዩለት። ማይክሮስኮፕ ፕሮቲን አይጠብቅም፣ ተሕዋሱን ራሱን ነው የሚያየው። «ካርዱ የለበትም ብሏል» ብለው አይቀመጡ።

(ጋሼ ከዚህ በኋላ አልተከራከሩም። ስልካቸውን አወጡ።)

ጋሼ፦ ሄሎ... ልጁን አልብሺውና ጠብቂኝ። ሰርቪሱን አልጠብቅም፣ በባጃጅ እመጣለሁ... በማይክሮስኮፕ እንዲያዩልኝ ነው... ኋላ እነግርሻለሁ።

(ባጃጅ ጠርተው አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ተመለሱና ጨርቁን እጄ ላይ አኖሩት።)

ጋሼ፦ ያዥልኝ። ነገ የአመዱን ነገር እንደገና ታስረጂኛለሽ፤ ያልተዋጠልኝ ብዙ አለ። የአዳምን ነገርም ገና አልተነጋገርንም።

እኔ፦ እሺ ጋሼ። ይደውሉልኝ፣ ምን እንዳሉት።

ሰርቪሱ የመጣው ባጃጇ አስፋልቱን ይዛ ከታጠፈች በኋላ ነው። ውስጡ ሙሉ ነበር። ምሳ ላይ ሣህኗን ያነሣችው ልጅ መስኮት ጋ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ቦርሳዋን አነሣችልኝ። ጥቂት ሄደን የእጄን ጨርቅ አየችና «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።